ከሆሳዕና እስከ ዶሮ ጩኸት፤ ወድቆ ስለ ተነሣ እረኛ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ከተሞች በአብዛኛው ስማቸውን የሚወስዱት ከወንዝ ወይም ከተራራ፣ ከነገድ ወይም ከመሥራቻቸው ነው። በሐዲያ አገር ግን ስሟን ከቤተ ክርስቲያን በዓል የወሰደች አንዲት ከተማ አለች፤ እርስዋም ሆሳዕና ናት። ከአዲስ አበባ በቡታጅራና በወራቤ በኩል 230 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ይህች ከተማ ቀድሞ ዋቸሞ ትባል ነበር፤ የጥንት ስሟም ዛሬ በዩኒቨርሲቲዋ ስም ተጠብቆ ይኖራል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ራስ አባተ ቧያለው አገሩን ሲገዙ በበዓሉ መታሰቢያ ሆሳዕና እንደ ተባለች ይነገራል። በነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በተመሠረተ ጊዜም ከክልሉ መቀመጫ ከተሞች አንዷ ሆናለች። እንግዲህ የበዓሉ ስም በነጋዴውም በተማሪውም፣ በመንገደኛውም በባለሥልጣኑም አፍ ዕለት ዕለት ይጠራል።

ነገር ግን ይህን ስም የሚጠራ ሁሉ ትርጓሜውን ያስተውለዋልን? ሆሳዕና የዕብራይስጥ ቃል ነው፤ ትርጓሜውም እባክህ አሁን አድን ማለት ነው። ስለዚህ ቃሉ የምስጋና ቃል ሆኖ ቢዘመርም አስቀድሞ የልመና ቃል ነው፤ ድል ያደረገ ሰው ፉከራ ሳይሆን ረዳት የሚሻ ሰው ጩኸት ነው። የተወደዳችሁ አባቶችና ወንድሞች፣ እናቶችና እኅቶች ሆይ፤ በዛሬው ትምህርታችን ከዚህ ቃል ተነሥተን አንድ ጥያቄ እንመረምራለን። ቀድሞ በሥራው የተሰናከለ ክርስቲያን ሌሎችን ለመምራት የሚሆን ድፍረት ከወዴት ያገኛል?

ይህ ጥያቄ በመጻሕፍት ላይ ብቻ የሚነሣ ክርክር አይደለም። በሐዲያና በከምባታ ከተሞች፣ እንደ ሆሳዕናና ሾኔ፣ እንደ ዱራሜና አንጋጫ ባሉት፣ ኦርቶዶክሳዊው ምእመን በቍጥር ጥቂት ነው። ጥቂቶች በሚኖሩበት ስፍራ የአንድ ሰው መሰናከል አይሸሸግም፤ የአንድ ሰው መቅረትም ወዲያው ይታወቃል። በእጁ ሳለ የሰበካ ጉባኤ ሒሳብ ተዛብቶበት የነበረ ሽማግሌ ዳግመኛ ሲመረጥ እጁን ወደ ኋላ ይሰበስባል። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች የተበተኑበት መምህር ጉባኤውን እንደ ገና እንዲያቆም ሲለመን ሌላ ሰው ፈልጉ ይላል። በቍጣ ቃል አንድ ቤተ ሰብ ያስቀየመ ካህን ከቅዳሴው በቀር ለማስተማር አፉን አይከፍትም። ልጁ የሳተበት አባት የጎረቤቱን ልጅ ለመምከር ያፍራል። እነዚህ ሁሉ ዝምታቸውን ትሕትና ብለው ይጠሩታል። ነገር ግን በጎቹ እረኛ አጥተው ሲቅበዘበዙ እረኛው ያለፈውን እያሰበ ከቤቱ ቢቀመጥ ይህ በእውነት ትሕትና ነውን? እስቲ ከሐዋርያው ከቅዱስ ጴጥሮስ እንማር።

ከዘንባባው እስከ ፍሙ እሳት

ጌታችን በአህያ ውርንጫ ተቀምጦ ወደ ኢየሩሳሌም በገባ ጊዜ ቅዱስ ጴጥሮስ ከተከተሉት ሐዋርያት አንዱ ነበረ። ሕዝቡ ልብሱን አነጠፈ፤ ዘንባባ ይዞም ሆሳዕና እያለ ዘመረ። ያ ቀን እሑድ ነበረ። በዚያው ሳምንት ሐሙስ ማታ ጴጥሮስ ሌሎች ሁሉ ቢክዱ እርሱ እንደማይክድ፣ ሞት እንኳ ቢመጣ ከጌታው እንደማይለይ ተናገረ። ሌሊቱ ሳይነጋ ግን በሊቀ ካህናቱ ግቢ፣ ሎሌዎች ባነደዱት በፍም እሳት ዳር ቆሞ፣ አንዲት በር ጠባቂ ገረድ በጠየቀችው ጊዜ ካደ፤ ከዚያም ሦስተኛ እስኪሆን ድረስ ደገመው፤ ዶሮም ጮኸ (ዮሐ. 18፥15-27)። ከዝማሬው እስከ ክሕደቱ ሳምንት እንኳ አልሞላም።

እዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ጴጥሮስ የወደቀው ጌታውን ስለ ጠላ አይደለም። የወደቀው በገዛ ራሱ ኃይል ስለ ተማመነና ራሱን ከወንድሞቹ ሁሉ የጸና አድርጎ ስለ ቈጠረ ነው። በአፉ የነበረው የሆሳዕና ቃል አድነኝ የሚል ልመና መሆኑን ገና አልተረዳም ነበር። በራሱ ቃል የሚታመን ሰው ሲወድቅ የሚሰበረው ያ በራሱ ላይ ያኖረው መታመን ነው። የተሰበረውን ያንኑ መታመን ለመጠገን ቢደክም ዳግመኛ ይወድቃል፤ ሌላ መሠረት ያስፈልገዋል።

ያ መሠረት ደግሞ ጴጥሮስ ከመውደቁ በፊት ተዘጋጅቶለት ነበር። ወንጌላዊው ሉቃስ እንደ ጻፈው፣ ጌታችን ሰይጣን ሐዋርያቱን እንደ ስንዴ ሊያበጥራቸው እንደ ለመነ ለጴጥሮስ ከነገረው በኋላ፣ እምነቱ እንዳይጠፋ እርሱ ራሱ እንደ ጸለየለት ገለጠለት፤ በተመለሰም ጊዜ ወንድሞቹን እንዲያጸና አዘዘው (ሉቃ. 22፥31-32)። እንግዲህ ተመልከቱ፤ ጸሎቱ ከክሕደቱ ቀደመ፤ ሹመቱም ከክሕደቱ ቀደመ። ጌታ ጴጥሮስ እንደሚወድቅ ሳያውቅ ቀርቶ አልሾመውም፤ እያወቀ አዘዘው እንጂ።

የቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ይህን ምሥጢር በሆሳዕና በዓል ላይ አስቀምጦልናል። በሰሙነ ሕማማት ጸሎተ ፍትሐት ስለማይደረግ፣ በሆሳዕና ዕለት ከቅዳሴ በኋላ በዚያ ሳምንት ለሚያርፉት ሁሉ አስቀድሞ ፍትሐት ይደረጋል። ምእመኑ ዘንባባውን በጣቱ እንደ ቀለበት፣ በራሱም እንደ አክሊል አስሮ ደስ እያለው ሳለ የምሕረቱ ጸሎት ሞትን ቀድሞ ይጸለያል። በዐርብ ስቅለት ደግሞ ያው ምእመን ሲሰግድ ውሎ ወደ ካህኑ ይቀርባል፤ ካህኑም በወይራ ቅጠል እየጠበጠበ የስግደቱን ቍጥር ያዝዘዋል። እሑድ ዘንባባ ያሰረው ሰውና ዐርብ ከወይራው በታች ጀርባውን ያጐነበሰው ሰው አንድ ነው። ቤተ ክርስቲያን ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱን ብቻ እንድንይዝ አላስተማረችንም።

ጌታችን ከሙታን ከተነሣ በኋላ ጴጥሮስን በጥብርያዶስ ባሕር ዳር እንዴት እንደ መለሰው እናውቃለን። በዚያም ጌታ ራሱ ያዘጋጀው ፍም እሳት ነበረ (ዮሐ. 21፥9)። ቅዱስ ዮሐንስ በሊቀ ካህናቱ ግቢም በባሕሩ ዳርም የፍም እሳትን የጻፈው በከንቱ አይደለም። ጴጥሮስ በካደበት እሳት ፈንታ የምሕረት እሳት ተነደደለት፤ በካደው ቍጥር ልክም ሦስት ጊዜ ተጠየቀ። ጥያቄውስ ምን ነበር? ስለ ምን ካድኸኝ አላለውም፤ ከእንግዲህ ላለመካድ ማልልኝም አላለውም፤ ይወደው እንደ ሆነ ጠየቀው እንጂ። ጴጥሮስም ቀድሞ ይለው እንደ ነበረ ከእነዚህ ይልቅ እኔ እበልጣለሁ አላለም፤ ጌታ ራሱ ሁሉን እንደሚያውቅ ተናግሮ ልቡን በጌታው ዕውቀት ላይ ጣለ። በዚያን ጊዜ በጎቹ ተሰጡት።

ከዚህ ላይ የጥያቄያችንን መልስ እናገኛለን። በጎቹ የክርስቶስ ናቸው፤ ለጴጥሮስ አልተሸጡለትም። እረኛውን የሚያደፍረው እኔ አልወድቅም ማለቱ አይደለም፤ በጎቹ የሌላ መሆናቸውና ባለቤቱም እንደማይተዋቸው ማወቁ ነው። ይህን የተረዳ ሰው በትላንት ውድቀቱ ምክንያት ከሥራው አይሸሽም፤ በዛሬው መቆሙም አይኰራም።

የእንሰቱ ምሳሌ

ለሐዲያና ለከምባታ ገበሬ ይህን ነገር በምሳሌ ማስረዳት አያስቸግርም፤ ጓሮው እንሰት ነውና። ገበሬው የእንሰት ችግኝ ሲፈልግ ገና ያልደረሰውን እንሰት ይነቅላል፤ ግንዱን ቈርጦ አሚቾ የሚባለውን የሥሩን ጉንድ ያስቀራል። ከዚያም የአሚቾውን መካከል፣ ቡቃያው የሚወጣበትን ልብ፣ በቢላዋ ጐድጕዶ ያወጣና መልሶ በአፈር ይሸፍነዋል። አሠራሩን ለማያውቅ ሰው ተክሉ የሞተ ይመስለዋል። ነገር ግን መካከሉ ባይጐደጐድ ኖሮ ራሱን አንዱን ብቻ ያበቅል የነበረው አሚቾ፣ መካከሉ ስለ ጠፋ በዙሪያው ብዙ ችግኝ ያወጣል፤ ችግኙም ተነቅሎ በሌላ ጓሮ ይተከላል።

የጴጥሮስም ነገር እንደዚህ ነው። የተቈረጠበት እኔ የሚለው ልቡ ነው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በበዓለ ኀምሳ ቆሞ ባስተማረ ጊዜ 3000 ያህል ነፍስ ተጨመረ (ሐዋ. 2፥41)። ይህ ፍሬ ከዚያ ከጐደጐደው ስፍራ ዙሪያ የበቀለ ነው። ምሳሌውን ግን ከልኩ አናሳልፈው። ኃጢአት ራሱ መልካም ፍሬ አያፈራም፤ ቢላዋውን የያዘው እግዚአብሔር ሲሆን፣ የተቈረጠውም በንስሐ አፈር ሲሸፈን ነው የሚያፈራው። በሜዳ የተጣለ አሚቾ ይበሰብሳል እንጂ አይበቅልም።

ይህንንም በይሁዳ እናያለን። ይሁዳ ደግሞ ተጸጽቶ ነበር፤ 30ውን ብርም መለሰ፤ ንጹሕ ደም አሳልፎ እንደ ሰጠም በካህናት አለቆች ፊት ተናዘዘ። እነርሱ ግን ነገሩ የራሱ እንደ ሆነ፣ እነርሱን እንደማይመለከታቸው መለሱለት፤ እርሱም ብቻውን ሄዶ ጠፋ (ማቴ. 27፥3-5)። ጴጥሮስ ግን ምርር ብሎ ካለቀሰ በኋላ ከወንድሞቹ ማኅበር አልተለየም፤ የትንሣኤው ዜና በተነገረ ጊዜ በመካከላቸው ተገኘ። ጸጸት ወደ ማኅበር ሲመለስ ንስሐ ይሆናል፤ ብቻውን ሲቀር ገደል ይሆናል።

ካህናት ወንድሞቼ ሆይ፤ እዚህ ላይ እኛን የሚመለከት ብርቱ ነገር አለ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይላል ያገራችን ተረት። ተሰናክሎ የነበረ ወንድም በኀፍረት ወደ ደጃችን ሲመጣ የምንሰጠው መልስ የካህናት አለቆቹ መልስ ነው ወይስ በባሕሩ ዳር የቆመው የጌታ? እነዚያ ካህናት የመቅደሱን ገንዘብ ሥርዓት ጠንቅቀው ያውቁ ነበርና ብሩ ወደ መባ ግምጃ ቤት እንዳይገባ ተጠነቀቁ፤ ለሰውየው ነፍስ ግን አልተጠነቀቁም። አጥቢያዋ ትንሽ በሆነችበት ከተማ አንድ ሰው በኛ ቃል ቢርቅ የሚያጽናናው ሌላ ካህን በቅርብ ላያገኝ ይችላል።

ከመንገድ የተመለሰው ወጣት

ከጴጥሮስ ሌላ አንድ ምስክር እንጥራ፤ እርሱም ወንጌላዊው ቅዱስ ማርቆስ ነው። ጌታችን በተያዘባት ሌሊት ነጠላውን ጥሎ ራቁቱን ስለ ሸሸ አንድ ወጣት በወንጌሉ ተጽፏል (ማር. 14፥51-52)፤ ያ ወጣት ማርቆስ ራሱ ነው የሚሉ መምህራን አሉ። ይህ ቢቀር እንኳ የሐዋርያት ሥራ በግልጥ የሚናገረው አለ። ቅዱስ ጳውሎስና በርናባስ ለስብከት በወጡ ጊዜ ማርቆስ አብሯቸው ሄዶ ነበር፤ ጵንፍልያ ሲደርሱ ግን ተለይቷቸው ወደ ኢየሩሳሌም ተመለሰ። በሁለተኛው ጕዞ በርናባስ እንደ ገና ሊወስደው ወደደ፤ ጳውሎስ ግን ሥራውን ጥሎ የተመለሰውን ይዞ መሄድ አይገባም አለ። ስለዚህም ሁለቱ ሐዋርያት ተለያዩ፤ በርናባስ ማርቆስን ይዞ ወደ ቆጵሮስ ሄደ (ሐዋ. 13፥13፤ 15፥37-39)።

ከሁለቱ ማን ትክክል ነበር ብለን ለመፍረድ አንቸኵል። ጳውሎስ ሥራው እንዳይጐዳ ተጠነቀቀ፤ በርናባስ ሰውየው እንዳይጠፋ ተጠነቀቀ። ማርቆስ ሁለቱም አስፈለጉት፤ የአንዱ ተግሣጽ አስተማረው፣ የሌላው ትዕግሥት አሳደገው። ከዓመታት በኋላ ጳውሎስ በሮም ታስሮ፣ የዕረፍቱም ጊዜ ቀርቦ ሳለ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ማርቆስን ይዞት እንዲመጣ ለመነው፤ ለአገልግሎት እንደሚጠቅመውም መሰከረለት (2 ጢሞ. 4፥11)። አልወስደውም ያለው ያው ጳውሎስ መልሶ ጠራው።

ከዚያስ ወዲያ? ይህ ከመንገድ የተመለሰ ወጣት በእስክንድርያ ወንጌልን ሰብኮ የዚያች መንበር አባት ሆነ፤ በዚያም በሰማዕትነት ዐረፈ። ቤተ ክርስቲያናችንም በሚያዝያ 30 ቀን ታከብረዋለች። በ4ኛው መቶ ዓመት ቅዱስ አትናቴዎስ በዚያው በማርቆስ መንበር ተቀምጦ ፍሬምናጦስን፣ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን፣ ለኢትዮጵያ ጳጳስ አድርጎ ሾመልን። ከዚያ ጀምሮ 1600 ዓመት ያህል ጳጳሶቻችን ከዚያች መንበር ሲመጡልን ኖሩ፤ በ1951 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ ሆነው እስከ ተሾሙ ድረስ። እንግዲህ በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜ መስቀል ይዞ የሚባርክ ካህን ሁሉ የክህነቱን ሐረግ ወደ ላይ ቢቈጥር የሚደርሰው ከዚህ ሰው ነው። በርናባስ ያን ጊዜ ተስፋ ቈርጦበት ቢሆን ኖሮ ምን ያህል ነገር እንደሚቀርብን እናስብ። ዛሬም በየአጥቢያው በአንድ ስሕተት ምክንያት የምንገፋው ወጣት ለነገዋ ቤተ ክርስቲያን ምን ሊሆን እንደ ተጠራ የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው።

የሐዲያ ልጅ ንግሥት እሌኒ

ሰው የሚያፍረው በራሱ ውድቀት ብቻ አይደለም፤ በወገኑ ታሪክም ያፍራል፤ የደከመበት ሥራ ፍሬ ሳያፈራ ሲቀርም ያፍራል። ለዚህ ምስክር ከሩቅ አገር መፈለግ አያስፈልገንም፤ ከሐዲያ የወጣች ንግሥት አለችን። እሌኒ የሐዲያው ገዥ የገራድ መሐመድ ልጅ ነበረች፤ ተጠምቃ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ንግሥት ሆነች። ወንድሟ ማሂኮ ለንጉሡ አልገብርም ብሎ ባመፀ ጊዜ የንግሥቲቱ ሐሳብ ምን ያህል እንደሚከፈል መገመት አያዳግትም፤ ባሏ በዙፋን፣ ወገኗ በዐመፅ። እርስዋ ግን በዚህ ምክንያት ከሥራዋ አልጠፋችም። ዐፄ በእደ ማርያም እንደ እናቱ አከበራት፤ ከነገሥታቱ ዘመን ወደ ነገሥታቱ ዘመን ምክሯ እየተፈለገ ኖረ፤ ዐፄ ልብነ ድንግል በ1508 (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) በልጅነቱ በነገሠ ጊዜም የመንግሥቱን ሥራ በሞግዚትነት መራች። በጎጃም የመርጡለ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን ያሠራች እርስዋ ናት።

በዚያው አቈጣጠር በ1509 መጪውን አደጋ አስቀድማ በማስተዋል ማቴዎስ የተባለ መልእክተኛ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ ላከች። ሥራው ግን የተሰናከለ መሰለ። መልእክተኛው በመንገድ አስመሳይ ነው ተብሎ ተጠረጠረ፣ ተንገላታ፤ ሊዝበን የደረሰው በ1514 ነው። ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰው በ1520 ሲሆን ወዲያው ሞተ። በዚያን ጊዜ ወጣቱ ንጉሥ በጦርነት ድል አድርጎ ስለ ነበር የወዳጅነቱን ጉዳይ አላቻኰለውም። ያ የእሌኒ ዘር የበቀለው እርስዋ ካረፈች ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ በ1541፣ አገሪቱ በመከራ ውስጥ ሳለች፣ 400 ያህል የፖርቱጋል ወታደሮች በመጡ ጊዜ ነው። መሪ ሁሉ የዘራውን ሊያጭድ አይችልም፤ ዛሬ ያልተሳካለት ነገር ሁሉም ውድቀት አይደለም፤ አንዳንዱ ጊዜው ያልደረሰ ፍሬ ነው። ጉባኤው የፈረሰበት የሐዲያ ወይም የከምባታ መምህር ይህን የአገሩን ንግሥት ታሪክ ያስብ።

ይቅርታና ሹመት

ነገር ግን ይህን ስናስተምር ለስንፍናና ለድፍረት በር እንዳንከፍት እንጠንቀቅ። ይቅርታ አንድ ነገር ነው፤ ወደ ቀድሞው ሹመት መመለስ ሌላ ነገር ነው። ንስሐ የገባ ሁሉ ይቅርታ ያገኛል፤ ንስሐ የገባ ሁሉ ግን ወደ ነበረበት ወንበር ይመለሳል ማለት አይደለም። ሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ከመሠዊያው አገልግሎት የሚያስቀርበት በደል አለ፤ ይህን በእንባም በወገንም መሻር አይቻልም። ያም ሰው ቢሆን ግን ከክርስትና ሥራ ሁሉ አልተባረረም፤ የቤቱ አባት ነው፣ የጎረቤቱ ወንድም ነው፣ ያወቀውን ለማያውቅ ማሳየት ይችላል። የድኻ ገንዘብ የበላም እንደ ዘኬዎስ (ሉቃ. 19፥8) ይመልስ፤ ከመለሰም በኋላ የገንዘቡን ሣጥን ሌላ ሰው ቢይዝ አይቀየም። በደካማ ላይ ግፍ የሠራ ሰው ደግሞ የተበደለው ሰው ደኅንነት ከእርሱ ሹመት እንደሚቀድም ይወቅ። ልቡ በእውነት የተመለሰ ሰው የሚታወቀው ወንበሩን በመሻቱ ሳይሆን ሥራውን በመሻቱ ነው።

እንግዲህ ተሰናክሎ የነበረና ሥርዓቱ የማይከለክለው፣ ወንድሞቹም የሚጠሩት ሰው እንዴት ይጀምር? በመጀመሪያ ነገሩን ከንስሐ አባቱ ፊት በስሙ ይጥራ፤ ስም ያልወጣለት ኃጢአት ከውስጥ ሆኖ ያስፈራራልና። ሁለተኛ የበደለውን ሰው ፊት ለፊት ይታረቅ፤ በምስጢር የበደለውን በምስጢር፣ በጉባኤ የበደለውን በጉባኤ። ሦስተኛ ከትንሹ ይጀምር፤ ጴጥሮስ ግልገሎቹን እንዲያሰማራ ነበርና አስቀድሞ የታዘዘው። ትልቁ ጉባኤ የፈረሰበት መምህር አምስት ልጆች ሰብስቦ ፊደል ቢያስቈጥር፣ ውዳሴ ማርያም ቢያስደግም፣ በሚሰሙት ቋንቋ፣ በሐዲይኛም ይሁን በከምባትኛ፣ ወንጌሉን ቢያስረዳቸው የተሰበረው ልቡ ከልጆቹ ጋር አብሮ ያድጋል። አራተኛ ብቻውን አይምራ። በ1965 ዓ.ም. የወጣው ቃለ ዓዋዲ ካህናትን፣ ምእመናንንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችን በአንድ ሰበካ ጉባኤ ያስቀመጠው አንዱ ሲደክም ሌላው እንዲደግፈው፣ አንዱ ሲሳሳትም ሌላው እንዲያርመው ነው። ሒሳብ በሦስት ዓይን ሲታይ አንዱ ዓይን አይፈተንም።

ከተመለሰም በኋላ ተግሣጽን አይጥላ። ጴጥሮስ በጎቹ ከተሰጡት፣ በበዓለ ኀምሳም ካስተማረ በኋላ በአንጾኪያ ሰው ፈርቶ ከአሕዛብ ማዕድ ራሱን ለየ፤ ጳውሎስም በሁሉ ፊት ገሠጸው (ገላ. 2፥11-14)። ያው የድሮው ፍርሀት ነበር። ነገር ግን ጴጥሮስ አኵርፎ ሥራውን አልተወም፤ በኋላ በጻፈው መልእክት ጳውሎስን የተወደደ ወንድማችን ብሎ ጠራው (2 ጴጥ. 3፥15)። የቀድሞ ድካማችን በአንድ ቀን አይሞትም፤ ስለዚህ የሚገሥጽ ወዳጅ ያለው መሪ ብፁዕ ነው።

በመጨረሻም ወድቆ የተነሣ መሪ የሚፈርድበትን መንገድ ያስተውል። በሰኔ 24 ቀን የምናስበው አባ ሙሴ ጸሊም ቀድሞ ወንበዴ ነበር፤ በኋላ የመነኮሳት አባት ሆነ። ከዕለታት አንድ ቀን አንድ ወንድም በድሎ ለፍርድ በተቀመጡበት ጉባኤ በተጠራ ጊዜ የተቀደደ ከረጢት አሸዋ ሞልቶ በጀርባው ተሸክሞ መጣ። አሸዋው ከኋላው ይፈስስ ነበር። ምን እንደ ሆነ ሲጠይቁት ኃጢአቱ በስተኋላው እየፈሰሰ እርሱ ሳያየው በሌላው ሊፈርድ መምጣቱን ነገራቸው፤ እነርሱም ለወንድማቸው ይቅር አሉት። ያለፈ ውድቀት ለመሪ ጥቅም የሚሆነው እንደዚህ ነው፤ እጁን ከሥራ ሲያስር ሳይሆን ምላሱን ከጭካኔ ሲያስር። ፈጽሞ ወድቄ አላውቅም የሚል እረኛ የቆሰለውን በግ ለመሸከም ጫንቃው አይለሰልስም።

ስለዚህ በሐዲያና በከምባታ ያላችሁ፣ በሌላም አገር ሆናችሁ ይህን የምታነቡ፣ ተጠርታችሁ ሳለ ባለፈው ነገር ምክንያት የምትሸሹ አባቶችና ወንድሞች ሆይ፤ ጌታ ዛሬ የሚጠይቃችሁ ወድቃችሁ ታውቁ እንደ ሆነ አይደለም፤ ያንስ ያውቀዋል። የሚጠይቃችሁ ትወዱት እንደ ሆነ ነው። የምትወዱት ከሆነ በጎቹ በደጃችሁ ናቸው። ለሥራው ኃይል ካነሳችሁም ብዙ ቃል አትፈልጉ፤ ለሆሳዕና ሰው በከተማው ስም የተጻፈለት ጸሎት አለው፤ አሁን አድን የሚል ነው። ጴጥሮስ በባሕር ላይ ሲሰጥም የጮኸው ይህንኑ ነበር፤ ጌታም ወዲያው እጁን ዘርግቶ ያዘው (ማቴ. 14፥30-31)። ያች እጅ ዛሬም አላጠረችም።

ለእኛም ወድቀን እንዳንቀር፣ ቆመንም እንዳንኰራ፣ የጴጥሮስን እንባ፣ የማርቆስን መመለስ፣ የበርናባስን ትዕግሥት ያድለን። የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፣ የቅዱሳን ሐዋርያት ጸሎት ከሁላችን ጋር ይሁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።